ጠብታው ከወደቀበት ወደ ላይ

የእህቴ ልጅ፣

ትናንት ማታ ደውለሽ «ጋሼ፣ መኪናዬ ውሃ መጠጣት አብዝታለች፤ በየሦስት ቀኑ አንድ ሊትር ሃይላንድ እሞላላታለሁ፤ ሌላ ችግር ግን የለባትም» ስትይኝ ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። አንድ ታካሚ መጥቶ «በየሦስት ቀኑ ደም ይሰጡኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም» ቢልሽ ምን ትይው ይሆን? የጀመርኩትን ነገር ኔትወርኩ ስለቆረጠብኝ በጽሑፍ ልጨርስልሽ። ይረዝማል። ዕድሜውን ከመሪ ኋላና ከኮፈን ስር የጨረሰ ሰው አሳጥር ቢሉትም አይሆንለትም።

«ውሃ ትጠጣለች» የሚለውን አባባል መጀመሪያ ጣይው። መኪና ውሃ አይጠጣም። ነዳጅ ይቃጠላል፤ ዘይትም በአሮጌ ሞተር ጥቂት በጥቂት ይቃጠላል፤ የራዲያተር ውሃ ግን የሚዞር እንጂ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከሞተሩ ሙቀት ተሸክሞ ይወጣል፣ ራዲያተር ውስጥ በነፋስ ይበርዳል፣ ፖምፓው ገፍቶ ይመልሰዋል። ያንቺ ዓይነቷ ኮሮላ በጠቅላላው የምትይዘው ስድስት ሊትር ገደማ ነው። በየሦስት ቀኑ አንድ ሊትር ከጨመርሽ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ የያዘችውን ያህል አፍስሳለች። ያ ሁሉ ውሃ አንድ ቦታ ሄዷል። ጠባይዋ ነው ብለን ስም ስላወጣንለት መፍሰሱን አላቆመም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለወንዝ ተሻጋሪ ነበር፤ ለራዲያተር ባለቤትም ይሆናል።

ጋራዥ ከመሄድሽ በፊት ደብተር ያዢ። አንቺ የታካሚ ሙቀት በየሰዓቱ ስትመዘግቢ የምትውይ ልጅ ነሽ፣ ይህ አያቅትሽም። ጠዋት ሞተር ሳታስነሺ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ቀዝቅዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። እስከ አፉ መሙላት አለበት። የጎደለውን መለኪያ ባለው ዕቃ ሙይና ስንት እንደገባ፣ ኪሎ ሜትሩም ስንት ላይ እንደደረሰ ጻፊ። የምትመላለሺበት ሀዋሳ ይርጋለም ደርሶ መልስ ከ80 ኪሎ ሜትር አያንስም። ሁለት ቀን ሄደሽ ለኪ። ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ሳትነጂያት አቁመሽ ለኪ። ቆማ የምትጎድል ከሆነ በሽታዋ አንድ ዓይነት ነው፤ ስትሄድ ብቻ የምትጎድል ከሆነ ሌላ። ወደ አለታ ወንዶ ዳገት ስትወጪ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ። ይህን ሳያውቅ ኮፈን የሚከፍት መካኒክ ካርድ ሳያይ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ነው።

አደራ፣ የፕላስቲኳን ዕቃ ብቻ አይተሽ ሙሉ ነው አትበይ። ያች ዕቃ ከራዲያተሩ ጋር በቀጭን ቱቦ የተገናኘች ጎረቤት ናት። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋና ክዳኑ ውስጥ ያለውን ስፕሪንግ ገፍቶ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ሲበርድ ደግሞ ክዳኑ መሃል ያለች ትንሽ ቫልቭ ተከፍታ ራዲያተሩ መልሶ ይስበዋል። ክዳኑ ከተበላሸ ወይም አንድ ቦታ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ራዲያተሩ በውሃ ፈንታ አየር ይስባል። ዕቃዋ ሙሉ ሆና ራዲያተሩ ባዶ ሆኖ ያገኘኋቸው መኪኖች ቁጥራቸውን ረስቼዋለሁ።

ክዳኑን ካነሳሁ ልቆይበት፤ ሀዋሳ ላይ ከወደብ ከተማ ይልቅ ይህች ክዳን ትከበራለችና። ጅቡቲ ወደብ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። እኛ ግን ከባሕር በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ እዚህ 94 ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ 92፣ ሀገረ ሰላም ወጥተሽ ቡና ብታፈዪ 91 አካባቢ ነው። የመኪናሽ ሞተር በደህና ቀኑ የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ነው። እንግዲህ አስቢው። ክዳኗ ባትኖር መኪናሽ ምንም ሳይነካት፣ በደህና ጤናዋ ፒያሳ መሃል ትፈላ ነበር። እንዳትፈላ የያዛት ግፊት ነው፤ ክክ በፕሬዠር ድስት ስታበስይ እንደምታውቂው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል። 0.9 የሚለው ጤነኛ ከሆነ እዚሁ ሀዋሳ ላይ መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ይገፋዋል። ጎማው ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊቱን መያዝ ካቃተው ግን ውሃው በየትኛውም ቀዳዳ ሳይሆን በራሱ በክዳኑ በኩል እየፈላ ወደ ፕላስቲኳ ዕቃ ይሄዳል፣ እሷ ትሞላለች፣ ከዚያ መንገድ ላይ ይረጫል። ቱቦ ብትፈልጊ ደህና፣ ራዲያተር ብትፈልጊ ደህና።

በራሴ ስለደረሰ ነው የምነግርሽ። ታክሲ ስነዳ ለነበረችኝ መኪና አንድ ዓመት ሙሉ ራዲያተር ለወጥኩ፣ ፖምፓ ለወጥኩ፣ ላይኛውንም ታችኛውንም ቱቦ ለወጥኩ። በመጨረሻ አንድ ጎሚስታ፣ መካኒክ እንኳ ያልሆነ ልጅ፣ ጎማ ሊነፋልኝ ጎንበስ ብሎ «አባት፣ ይሄ ክዳን የሌላ መኪና ነው» አለኝ። ሻጩ መኪናዋን በሸጠልኝ ቀን የነበረ ክዳን፣ በእጄ ሺህ ጊዜ የከፈትኩት። ከለወጥኳቸው ዕቃዎች ሁሉ የረከሰው እሱ ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ ክዳኑን እዪ፤ ጎማው የተሰነጠቀ፣ ጠፍጥፎ የቀረ ወይም ዝገት የለበሰ ከሆነ፣ ለመኪናሽ የታዘዘውን ቁጥር የያዘ ክዳን ግዢ። ቁጥሩ የበለጠ ይሻላል ብለሽ እንዳታሳድጊው፤ አሮጌ ቱቦ አዲስ ግፊት አይችልም።

ሞተሩ ሞቆ ሳለ ክዳኑን እንዳትነኪ መቼም ለአንቺ አልነግርም፤ ፊታቸውን የተቃጠሉ ሾፌሮችና ረዳቶች የሚመጡት ወደናንተ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቂ፣ ከዚያ ላይኛውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ያዝ አድርገሽ ጭመቂው። ጠንካራ ከሆነ ግፊቱ አልወጣም። ለስለስ ካለ በጨርቅ ሸፍነሽ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሪ፤ አየሩ ፉጨቱን ከጨረሰ በኋላ ተጫኚና ክፈቺ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ካርቶን ፈልጊ። የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን ዘርግተሽ ማታ ከመኪናዋ ስር አንጥፊ፤ የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ያለው እርጥበት ካርታ ነው። ቀለሙን እዪ፣ አሽቺው። ኩላንት፣ ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፣ በጣት ሲነኩት ይንሸራተታል፣ ሲደርቅ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ይተዋል። እንዳትቀምሺው ብቻ። የቀድሞ መካኒኮች ሲቀምሱ አይቻለሁ፤ ጀግንነት አልነበረም። ኩላንቱ ኤትሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ ነው፣ ኩላሊት ይገድላል፤ ጣፋጭ ስለሆነ ደግሞ ውሻና ድመት ይልሱታል። ሕፃን ካለበት ግቢ በሃይላንድ ቀድተሽ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይሆንም።

ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው ውሃ በጋቢና በኩል ካገኘሽ አትደንግጪ። ሀዋሳ ሙቀት ነው፣ አንቺም ኤሲ ትወጃለሽ፤ ኤሲ የሠራ መኪና ውሃ ያንጠባጥባል። አንድ ወዳጄ በዚህ ውሃ የተነሳ ጋራዥ ሄዶ ራዲያተር አስበይዶ መጥቷል። ያልታመመውን አሳከመ፣ ከፈለም።

አሁን የነገሩ ሥር ጋ ደረስን። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ውሃው የሾለከበት ቦታ አይደለም። ውሃ ሲወጣ የሚይዘውን ብረት ተከትሎ ይወርዳል፣ በቱቦ ጀርባ ይሮጣል፣ ቦሎን ያገኛል፣ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል፣ እዚያ ይወድቃል። መኪናዋ ስትሄድ ደግሞ ነፋሱና ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ይረጩታል። እኔ በረዳትነት ዘመኔ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ያስተማረኝ ሰውዬ እርጥቡን ቦታ ባሳየሁት ቁጥር «ወደ ላይ፣ ወደ ፊት» ይለኝ ነበር። ከእርጥቡ ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀደመውን ፈልጊ። ከዚያ በላይ ደረቅ ከሆነ ምንጩ እዚያ ነው። ታች ያለው ሁሉ የሚያለቅስ ዘመድ እንጂ ሟች አይደለም።

ይህን ለማየት ሞተሩ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። አቧራና ዘይት የተጋገረበት ሞተር ላይ ፍሰት መፈለግ ጭቃ ውስጥ ጭቃ መፈለግ ነው። በቀዝቃዛው አሳጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ የተጠረጠረው ቦታ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሺበት፤ ከሚዞሩት ነገሮችና ከቺንጋው ግን አርቂው። ትንሽ ነድተሽ ስትመለሺ ውሃው ነጩ ላይ መንገዱን ጽፎ ታገኚዋለሽ። በውድ ጋራዥ ኩላንቱ ውስጥ የሚጨመር፣ በልዩ መብራት የሚያበራ ቀለም አላቸው፤ ጥሩ ነው፣ ባገኝ እጠቀምበታለሁ። የእኔ ፓውደር ግን እስካሁን አላሳፈረኝም።

የት የት ትፈልጊያለሽ? ቱቦዎቹን ጭመቂ፤ ጫፋቸው ላይ ያበጡ፣ ሲጨመቁ የሚንጫጩ ከሆኑ ጊዜያቸው አልፏል። ማሰሪያዎቹ ስር የደረቀ ቅርፊት ካለ አጥብቂ፤ ግን ልክ አለው፣ ራዲያተሩ አፉ ፕላስቲክ ከሆነ ይሰነጠቃል። የዘመኑ ራዲያተር መሃሉ አሉሚኒየም፣ ላይና ታቹ ፕላስቲክ ነው፤ ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ጥርስ ዋና ደካማ ጎኑ ነው። የድሮው የመዳብ ራዲያተር ተበይዶ ሃያ ዓመት ያገለግል ነበር፣ ይሄኛው ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ በኋላ በሙጫ ሲለጥፉት ለሁለት ሳምንት ገንዘብሽን ያቆዩልሻል እንጂ አይድንም። ቴርሞስታቱ የተቀመጠበት ቤት፣ ሞተሩ ጎን ላይ ያሉት እንደ ሳንቲም ክብ የብረት ቡሾች፣ እነዚህንም እዪ፤ ቡሾቹ ለዓመታት ተራ ውሃ በተሞላ ሞተር ውስጥ ከውስጥ ዝገው ይቀደዳሉ።

የውሃ ፖምፓ ታቹ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላት። ሆን ተብሎ የተሠራች ናት፤ የውስጡ ጎማ ሲደክም ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ ከሚገባ በዚያ በኩል ወጥቶ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ይህችን ቀዳዳ በሙጫ ደፍኖ «ፍሰቱን አቆምኩት» ሲል ሰምቻለሁ። የሚያለቅሰውን ልጅ አፉን ማፈን ነው። እዚያ ጋ መስመር ካየሽ ፖምፓው ይለወጣል፣ ሌላ ወሬ የለውም።

ሀዋሳ ውስጥ ማንም የማያስታውሰው ደግሞ የጋቢናው ማሞቂያ አለ። እዚህ ማሞቂያ ከፍቶ የሚነዳ ሰው አላየሁም፤ ግን ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ በዳሽቦርዱ ኋላ ባለች ትንሽ ራዲያተር በኩል ያልፋል። እሷ ስትሾልክ ከመኪናው ስር ጠብታ የለም። ምንጣፉ ስር ይረጥባል፣ መስታወቱ በውስጥ በኩል በሚያጣብቅ ጉም ይሸፈናል፣ መኪናው ውስጥ ከረሜላ የሚመስል ሽታ ይኖራል። ምንጣፉን ገልጠሽ በእጅሽ ዳስሺው።

ቆማ የምትጎድል፣ ስትሄድ ግን የማትጎድል መኪና እንዳለችም እወቂ። ብረቱና ጎማው ሲበርዱ እኩል አይሰበሰቡም፤ የላላ ማሰሪያ በውድቅት ሌሊት ያንጠባጥብና ሞተሩ ሲሞቅ ይገጥማል። መካኒኩ ከሰዓት በኋላ ቢያየው ምንም የለም ይልሻል፣ አልዋሸምም። ለዚህ ነው ጠዋት የምለው።

ይህ ሁሉ ካልተገኘ ግፊት መሞከሪያ ያለው ጋራዥ ፈልጊ። የደም ግፊት የምትለኪበት የለ? ያው ነው። ክዳኑ ቦታ ላይ ይገጠማል፣ በእጅ ይነፋል፣ መለኪያ አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ብቻ ይነፋና ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። መርፌው ካልወረደ መንገዱ ዝግ ነው። ከወረደ ውሃው የሆነ ቦታ ላይ እየወጣ ነው፣ በባትሪ ታይዋለሽ፣ ሞተሩ ስለማይሠራ ነፋስም ቺንጋም አይረብሽሽም። ክዳኑንም ለብቻው በዚያው መሣሪያ ይለኩት። ብዙ ጋራዥ ይህን መሣሪያ የለውም፣ ያለውም «አያስፈልግም፣ እኔ በዓይን አውቃለሁ» ይላል። በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል፤ ግን ያሳየኝ።

መርፌው እየወረደ ከውጭ ምንም ጠብታ ከሌለስ? እዚህ ጋ ሐይቃችንን አስቢ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ፀሐይ ውሃውን እየወሰደች ጨዉን ስለምትተው እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ መምረር ነበረበት። ሀዋሳ ሐይቅ ግን አልመረረም፣ አሞራ ገደል የምትበዪው ዓሣ ምስክር ነው። ስለዚህ የውሃ ባለሙያዎች ከመሬት በታች የሚሾልክበት መንገድ አለ ይላሉ። መውጫውን በዓይኑ ያየ የለም፤ የገባውንና የቀረውን አስልተው ነው የደረሱበት። የሞተርም ውስጣዊ ፍሰት በስሌትና በምልክት እንጂ በዓይን አይገኝም።

ምልክቶቹን ልንገርሽ። ሌሊቱን የበረደ ሞተር ጠዋት አስነሥተሽ በደቂቃ ውስጥ ላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ውሃው ሳይሞቅ ከየት የመጣ ግፊት ነው? ከሲሊንደር የሾለከ የቃጠሎ ጋዝ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተሽ ብታስነሺ ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይመጣል። ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ሦስቱ ጥቀርሻ ለብሰው አንዱ እንደታጠበ ብልቃጥ ነጭ ከሆነ፣ ያ ሲሊንደር በእንፋሎት እየታጠበ ነው። ከማርሚታው ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ የጠዋቱ አጭር እንፋሎት ግን ጤና ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ወተት የነካው ቡና ዓይነት ካየሽ ሞተሩን አጥፊ፣ ጎትተሽ ውሰጂያት። የዘይት ክዳኑ ስር ብቻ ያለ ትንሽ ነጭ ግን በአጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይም ይኖራል፣ በእሱ ብቻ አትፍረጂ። ሰማያዊ ፈሳሽ ይዘው የራዲያተሩን አየር የሚያስተነፍሱበት መሞከሪያም አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ካለ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

እነዚህ ምልክቶች ካሉ የተበላሸው የቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ጓርኒሲዮን ነው፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል። ያኔ ቴስታታው ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥታው ይለካል፤ ሳይለካ ጓርኒሲዮን ብቻ ለውጦ የሚመልስልሽ ሰው በወር ውስጥ እንደገና ይጠብቅሻል። ይህን ቋንቋ ስትሰሚ አትደንግጪ። ጣሊያን በ1928 ገብቶ በ1933 ወጣ፣ ቃሎቹ ግን ኮፈን ስር ተደብቀው ቀሩ፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፖምፓ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ። ጋራዥ ውስጥ እነዚህን በስማቸው የጠራሽ ቀን የሚነግሩሽ ዋጋ ራሱ ይለወጣል።

ያጠፋሁትን ደግሞ አልደብቅሽም። በ1987 ክረምት አንድ ነጋዴ ባስረከበኝ ፒክአፕ ሲሚንቶ ጭኜ ወደ ሀገረ ሰላም ስወጣ ነበር። ውሃ እንደምትቀንስ አውቃለሁ፤ ጄሪካን ከኋላ አለኝ፣ ምን ቸገረኝ። ዳገቱ መሃል መለኪያው ወደ ቀይ መውጣት ጀመረ። እዚያች ጥምዝ ላይ ላቁም እላለሁ፣ ጭጋግ ነው፣ ከኋላዬ አይሱዙ አለ። ትንሽ ልግፋ ስል መርፌው በራሱ ወርዶ ታች ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን በረደች ብዬ ዘፈን ከፈትኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ወዲያ በራሱ ኃይል አልዞረም።

መርፌው የወረደው ስለበረደች አልነበረም። የሙቀት መለኪያው የሚለካው የከበበውን ውሃ ነው፤ ውሃው አልቆ በአየር ሲከበብ ደህና ነው ይላል። ሞተሩ እየነደደ መለኪያው ቀዝቃዛ ያሳያል። ይህን የሚያውቁት ሾፌሮች ብዙ አይደሉም፤ የሚያውቁትም እንደኔ ከፍለው ነው። ቀይ ላይ የነበረ መርፌ ድንገት ከወደቀ በዚያው ቅጽበት አቁሚና አጥፊ። ጥምዝም ቢሆን፣ ጭጋግም ቢሆን፣ ሦስት ማዕዘኑን አስቀምጠሽ። ነጋዴው ቴስታታውንም ፒስተኑንም ለውጦ አልጨረሰም፣ እኔም እንጀራዬን አጣሁ። ቅሬታ የለኝም። ጄሪካኑን ስጭን ውሃው የት እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

መንገድ ላይ ከሞቀችብሽ ኤሲውን አጥፊ፣ ያንን የረሳነውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቺ፤ ያቃጥልሻል ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ይካፈላል። ቦታ ስታገኚ አቁሚ። በቁጣ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይፈስም፣ ይሰነጠቃል። ራዲያተር ውስጥ እንቁላል የሚሰብሩ፣ እርድ የሚበትኑ ሰዎች ይመጡልሻል፤ መንገደኛ ደግ ነው፣ አመስግኚው። እንቁላሉ ቀዳዳውን ሊደፍነው ይችላል፣ የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን መንገድም አብሮ ይደፍናል። በዕቃ ቤት የሚሸጠውም የፍሰት ማቆሚያ የእንቁላሉ የተማረ ወንድም ነው፤ ከቤት ሊያደርስሽ ይችላል፣ ከዚያ ማጠብ ነው።

«ቴርሞስታቱን አውጪው፣ አገራችን ሞቃት ነው» የሚልሽ መካኒክ ቢመጣ ግን እምቢ በይ። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ተበላሽቶ ተዘግቶ የቀረ ቴርሞስታት ብዙ ሞተር አጥፍቷል፣ መልሱ ግን መለወጥ ነው። ሞተሩ ወደ ሙቀቱ ሳይደርስ ከሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ይበላሻል፤ በአንዳንድ ሞተር ደግሞ ውሃው በአቋራጭ ሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ራዲያተር ሳይደርስ ይቀርና ይብሱን ይሞቃል። እንዲሁ «በረዶ በሌለበት ኩላንት ምን ሊያደርግ» ይሉሻል። ኩላንት እዚህ የምንፈልገው ለዝገቱ ነው፣ የመፍያ ነጥቡንም ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ተደባልቆ ይሞላል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑን እንደ ጀበና ዝቃጭ ሞተሩ ውስጥ ይተዋል። ዓይነቱ የተለያየ ኩላንት አትቀላቅዪ፤ ቀለም ብቻ አይተሽም አንድ ነው አትበይ።

ባለ ባጃጆቹ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለባቸውም፣ ሞተራቸው በነፋስ የሚበርድ ነው። የቀድሞዋ ቮልስዋገንም እንዲሁ ነበረች። ባልደረባሽ በነገራችን ላይ «ኤሌክትሪክ ግዢና ተገላገዪ» አለችኝ ብለሻል። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተወሰነ ወደዚያው መሄዳችን አይቀርም፤ ግን ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ነው። ኩላንት አላቸው፣ ፖምፓ አላቸው፣ ቱቦ አላቸው። ካርቶንሽን አትጣይው።

ጋራዥ ስትሄጂ «ባልሽ ይምጣ» የሚልሽ ሰው ካለ መኪናሽን አስነሥተሽ ሂጂ፤ ከጎኑ ሌላ አለ። ደህናውን ስታገኚ ደግሞ ደብተሩን ስጪው። «ይህን ለውጥ» አትበዪው፤ «ውሃው የሚወጣበትን አሳየኝ» በዪው። በጣቱ የነካውን እርጥብ ቦታ በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ። የለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲሰጥሽ ከመጀመሪያው ንገሪው፤ «ስርቆት ጠርጥሬህ አይደለም፣ ማየት ስለምወድ ነው» በዪው።

ዓርብ ከሥራ ስትወጪ በቀጥታ ወደኔ ነጂያት፤ የሙቀቱ መርፌ ደህና ከሆነ ብቻ። የግቢዬ ሜዳ ልክ ነው፣ ካርቶኑን አነጥፋለሁ፣ ፓውደሩንም አክስትሽ የልጅ ልጆቹን ከምትቀባው እሰርቃለሁ። ትደር። ቅዳሜ ከቅዳሴ መልስ ሞተሩን ሳታስነሺ ጠብቂኝ፤ ክዳኑን አብረን እንከፍታለን።